አሮጌውን የጨዋታ ኮምፒውተር ስናድስ የትኛውን ክፍል እንቀይር?

ባለፈው ክረምት የእኅታችን ልጅ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ወደ ቤታችን መጣ። ልጁ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ እያስጠና ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀማት ገንዘብ ነበረችው። በወረቀቱ ላይ የአንድ የግራፊክስ ካርድ ስምና ዋጋ ተጽፏል። ዋጋው ያጠራቀመውን ገንዘብ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ካርድ ብገዛ ጨዋታው መንቀርፈፉን ይተዋል አይደል?» ሲል ጠየቀን። እኛም «ኮምፒውተርህን የሚያዘገየው ካርዱ መሆኑን በምን አወቅህ?» አልነው። ሻጩ እንደዚያ ብሎታል፤ አንድ ጓደኛውም ያንኑ ካርድ ገዝቶ ተደስቷል። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልነበረውም። የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስም ሻጩ አስቀድሞ አስታውቆታል።

ይህ ጥያቄ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት አገልግሎት ወጥተው በየቤቱ የገቡ፣ ቀን የትምህርት ማታ የጨዋታ መሣሪያ የሆኑ ኮምፒውተሮች ብዙ ናቸው። ባለቤቶቻቸው በአብዛኛው ተማሪዎች በመሆናቸው በአንድ ጊዜ ከአንድ ዕቃ በላይ የመግዛት ዐቅም የላቸውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ከተሳሳተ ሁለተኛው ዕድል ቶሎ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ማደስ የገበያ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የልኬት ጉዳይ መሆኑን ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ፊዚክስ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም የሚርቅ አይደለም።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው የሥራ ክፍፍል

በመጀመሪያ የልጁን ኮምፒውተር እናስተዋውቅ። በልማድ «ሲፒዩ» እያልን በምንጠራው ሳጥን ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ኮር አይ5-2400 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አለ። አራት ኮሮች ያሉት ሲሆን መደበኛ ፍጥነቱ 3.1 ጊጋኸርዝ ነው። አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም፣ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ እንዲሁም በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ የተባለ የግራፊክስ ካርድ አለው። ፓወር ሰፕላዩ 265 ዋት ነው። ልጁ በዋነኛነት የሚጫወተው ጂቲኤ 5ን፣ ያውም በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር የወጣውን የመጀመሪያ ዕትም ነው።

በጨዋታ ላይ የምናየው እንቅስቃሴ እንደ ሲኒማ ሁሉ ተከታታይ ምስሎች ድምር ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። ፍሬም ለመሥራት ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ሥራውን ይካፈላሉ። ፕሮሰሰሩ መኪናው የት እንደደረሰ፣ እግረኛው ወዴት እንደሚዞር፣ የተወረወረው ነገር የት እንደሚወድቅ አስልቶ «ይህን ሣል» የሚል ትእዛዝ ያዘጋጃል። ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ የስክሪኑን ነጥቦች አንድ በአንድ ቀለም ይቀባል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች ስላሉት፣ ይህ ሁሉ ነጥብ ለእያንዳንዱ ፍሬም እንደገና ይቀባል ማለት ነው።

ካርዱ አንዱን ፍሬም ሲቀባ ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ያዘጋጃል። በዚህም ምክንያት አንድ ፍሬም የሚወስደው ጊዜ የሁለቱ ጊዜ ድምር ሳይሆን በግምት የቀርፋፋው ጊዜ ብቻ ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ማድ ቤት እናስብ። ምጣዱ አንድ ከሆነ ሊጡን የምታቀርበው ሴት ምንም ያህል ብትፈጥን የእንጀራው ቁጥር አይጨምርም። ምጣዶቹ ሦስት ሆነው ሊጡ ቀስ እያለ ከቀረበ ደግሞ ምጣዱ ባዶውን ይግላል። አራተኛ ምጣድ መግዛት ያን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። የእኅታችን ልጅ ሊገዛ የመጣው ምጣድ ነበር፤ ሊጡ ግን በጊዜው መቅረቡን አላጣራም።

አማካይ ቁጥር ሲያታልል

ተጫዋቾች የኮምፒውተርን ብቃት የሚናገሩት በሴኮንድ በሚሣሉት ፍሬሞች ብዛት ነው። እኛ ግን ቁጥሩን ገልብጦ ጊዜን መለካት ይሻላል እንላለን። በሴኮንድ 60 ፍሬም ማለት ለአንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሴኮንድ፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም ማለት 33.3 ሚሊ ሴኮንድ ማለት ነው።

ልዩነቱን በአንድ ስሌት እንመልከት። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 59 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ15 ሚሊ ሴኮንድ ተሠሩ እንበል፤ ይህ 885 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። የመጨረሻው ፍሬም ብቻውን 115 ሚሊ ሴኮንድ ወሰደ። ድምሩ በትክክል 1000 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ቆጣሪው «60 ፍሬም» ብሎ ይመዘግባል፤ ዐይን ግን በመካከሉ ጨዋታው ሲደናቀፍ አይቷል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሕመም አለ። አንዱ ጨዋታው ከዳር እስከ ዳር ዘገምተኛ ሲሆን ነው። ሌላው አማካዩ ደኅና ሆኖ ሳለ በየመካከሉ ድንገት ሲቆም ነው። የሁለቱ መንሥኤ ብዙ ጊዜ የተለያየ ስለሆነ መድኃኒታቸውም ይለያያል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ «ኮምፒውተሬ ይንቀረፈፋል» ብሎ ማለፍ በሽታውን መደበቅ ነው። መቼ፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ያስፈልጋቸዋል።

በነፃ የሚገኙ፣ የፍሬም ጊዜን፣ የፕሮሰሰርንና የካርድን ሥራ፣ እንዲሁም ሙቀትን የሚመዘግቡ ሶፍትዌሮች አሉ። ለመለካት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። በጨዋታው ውስጥ አንድ መንገድ መርጦ፣ ያንኑ መንገድ በተመሳሳይ ሁኔታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መሄድና ውጤቱን በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። ከበስተጀርባ የሚሠሩ ሌሎች ፕሮግራሞችም አስቀድመው መዘጋት አለባቸው። ይህ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከምናደርገው አይለይም።

ሁለቱን ተጠርጣሪዎች የሚለይ ሙከራ

ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ካርዱ? ምንም ገንዘብ ሳያወጡ ይህን ለመለየት የሚያስችል ቀላል ሙከራ አለ፤ የስክሪኑን የነጥቦች ብዛት መቀነስ ነው። ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ብንወርድ ነጥቦቹ 921,600 ብቻ ይሆናሉ። የካርዱ ቀለም የመቀባት ሥራ በ2.25 እጥፍ ይቀንሳል። የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን እምብዛም አይለወጥም፤ መኪናው በትልቅ ስክሪንም ሆነ በትንሽ ስክሪን ያው መኪና ነው።

እንግዲህ ነጥቦቹን ቀንሰን የፍሬሙ ቁጥር በግልጽ ከጨመረ ወሰን የሆነብን ካርዱ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ካርዱ ቀድሞም ሥራ ፈትቶ ይጠብቅ ነበር፤ ያዘገየን ሌላ ነው።

በዚህ ሙከራ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ጨዋታው ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ከሆነ ቁጥሩ 60 ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ይህ ልጓም በሙከራው ጊዜ መፈታት አለበት። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚሣሉትን ሙሉ ምስሎች ሁሉ ሊያሳየን እንደማይችልም እናስታውስ። ሁለተኛው ወጥመድ የፕሮሰሰሩ መቶኛ ነው። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር «25 በመቶ እየሠራ ነው» ሲባል ሦስት አራተኛው ዐቅም የተረፈ ይመስላል። ሆኖም አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሦስቱ ሥራ ፈት ቢሆኑም ውጤቱ ያው 25 በመቶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ መመልከት ያስፈልጋል።

በልጁ ኮምፒውተር ላይ ሙከራውን አብረን አደረግን። በ1920 በ1080 በአማካይ 34 ፍሬም አገኘን። ወደ 1280 በ720 ስንወርድ 35 ሆነ። ልጁ ወረቀቱን አየና ዝም አለ። ካርዱን ገዝቶ ቢሆን ኖሮ የሁለት ወር ድካሙ የሚያተርፍለት ምናልባት ያችን አንዲት ፍሬም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን «እንግዲያው ፕሮሰሰር ልግዛ?» አለ። ይህም ቢሆን ችኮላ ነበር።

ያልተጠረጠረው ተጠያቂ

የሙቀት መመዝገቢያውን ስንመለከት ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል። 3.1 ጊጋኸርዝ መሆን የነበረበት ፍጥነትም በጨዋታው መካከል ከ2 ጊጋኸርዝ በታች ይወርድ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ቀመር ይበቃናል። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋርና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይመጣጠናል፤ ኃይል ∝ ቮልቴጅ² × ፍጥነት። ሁለቱም በ20 በመቶ ቢቀንሱ ኃይሉ 0.8 × 0.8 × 0.8፣ ማለትም 0.51 ያህል ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ ከወሰን ሲደርስበት ራሱን ከመቃጠል የሚያድነው በዚህ መንገድ ነው። ፍጥነቱን ጥቂት ሲሠዋ ሙቀቱ በብዙ ይቀንስለታል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተጫዋቹ ነው።

ሳጥኑን ስንከፍት ሙቀት በሚያስወግደው ብረት ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አገኘነው። ፋኑ ይዞራል፤ አየሩ ግን አያልፍም። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የሚቀባው የሙቀት ቅባትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይህ ቅባት ተራ ነገር አይደለም። ሁለት ብረቶች ለስልሰው ቢታዩም በጥቃቅን ጎድጓዶቻቸው ውስጥ አየር ይቀራል። መዳብ ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ በሜትር በኬልቪን 400 ዋት ገደማ ሲሆን የአየር ግን 0.026 ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ከዐሥራ አምስት ሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። ቅባቱ ያንን አየር አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል።

ለስላሳ ብሩሽ ወስደን አቧራውን አራገፍን። በዚህ ጊዜ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ተገቢ ነው፤ በውጭ ኃይል የሚዞር ፋን እንደ ጄኔሬተር ቮልቴጅ ሊያመነጭ ይችላልና። አሮጌውን ቅባት በአልኮል ጠርገን የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት አደረግንበት። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ወጪው ደግሞ ከካርዱ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ያንኑ መንገድ እንደገና ለካን። በ1280 በ720 የፍሬሙ ቁጥር 61፣ በ1920 በ1080 ደግሞ 49 ሆነ። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። አሁን የነጥቦቹ ብዛት ለውጥ አመጣ፤ ማለትም ወሰኑ ከፕሮሰሰሩ ወደ ካርዱ ተሻግሯል። ጠባቡ በር ሲሰፋ ቀጥሎ ያለው በር ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ልኬቱ መደገም አለበት። ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ፈጽሞ አያውቅም።

የራምና የዲስክ ጉዳይ

አማካዩ ቢሻሻልም ሁለተኛው ሕመም አልጠፋም። መኪናው ወደ አዲስ ሰፈር በገባ ቁጥር ጨዋታው ይደናቀፍ ነበር። ከፍሬሞቹ ውስጥ የከፋው 130 ሚሊ ሴኮንድ ወስዷል። በዚያ ቅጽበት የራሙን ሁኔታ ስናይ እስከ አፉ ሞልቷል፤ የሃርድ ዲስኩ መብራትም ያለማቋረጥ ይበራል።

ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን መረጃ ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ሲያስፈልገውም መልሶ ያነባል። የዚህን ቅጣት መጠን እናስላ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 4.2 ሚሊ ሴኮንድ ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ማንበቢያው ራሱ ወደ ቦታው የሚሄድበት ጊዜ ሲጨመርበት 12 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይደርሳል። ራም ግን መልስ የሚሰጠው በ100 ናኖ ሴኮንድ ገደማ ነው። ከራም አንድ መረጃ ማግኘት አንድ ሴኮንድ ይፈጃል ብለን ብናጎላው ከሃርድ ዲስክ ማግኘት ከ33 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ከ0.1 ሚሊ ሴኮንድ ጋር የሚቀራረብ ጊዜ ስለሚወስድ በዚሁ መለኪያ 17 ደቂቃ ያህል ይሆናል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ራም የጎደለው ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ቢገባለትም ቁስሉ ይሻሻላል እንጂ አይድንም፤ 17 ደቂቃ ከአንድ ሴኮንድ ጋር አይነጻጸርምና። ሁለተኛው፣ ራም ለጨዋታው ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነ ትርፉ ባዶ መደርደሪያ ነው፤ ፍሬም አይጨምርም። የጂቲኤ 5 አሳታሚዎች ለመጀመሪያው ዕትም ያስቀመጡት ዝቅተኛ መጠን 4 ጊጋባይት፣ የሚመከረው ደግሞ 8 ጊጋባይት ነበር። ልጁ በዝቅተኛው ወሰን ላይ ቆሞ፣ ከጎኑ ሌሎች ፕሮግራሞችን ከፍቶ ይጫወት ነበር።

የራም ነገር ብዛት ብቻም አይደለም። ዲዲአር3 1333 የተባለው ዓይነት በአንድ መስመር በሴኮንድ 10.7 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፋል። ማዘርቦርዱ ሁለት መስመር እያለው አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ሁለተኛው መስመር ባዶውን ይውላል። አቻ የሆነ ሁለተኛ ራም በትክክለኛው ቦታ ሲሰካ የማስተላለፍ ዐቅሙ በንድፈ ሐሳብ 21.3 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ አንዱን ባለ 4 ጊጋባይት አውጥቶ በአንድ ባለ 8 ከመተካት ሌላ ባለ 4 መጨመር ብዙ ጊዜ ርካሽም የተሻለም ነው።

ከሚያውቁት ሰው ሌላ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ለሙከራ ተዋስን። አማካዩ ከ49 ወደ 52 ብቻ ከፍ አለ። የከፋው ፍሬም ግን ከ130 ወደ 40 ሚሊ ሴኮንድ ወረደ። አማካዩን ብቻ የሚመለከት ሰው «ምንም አልጠቀመም» ይል ነበር፤ ልጁ ግን ገና ሁለተኛውን መንገድ ሳይጨርስ ፊቱ በርቷል።

ማንም የማያስታውሰው ፓወር ሰፕላይ

ልጁ ሊገዛው ያሰበው ካርድ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ነበር። ካርዱ መልካም ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሊሸከመው ይችላልን? ሒሳቡ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ 95 ዋት፣ አዲሱ ካርድ 120 ዋት፣ ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለዲስክና ለፋን በግምት 50 ዋት፤ ድምሩ 265 ዋት። ይህ ከፓወር ሰፕላዩ ሙሉ ዐቅም ጋር እኩል ነው፤ ለጥንቃቄ የሚተርፍ አንዲት ዋት የለም። ከዚህም በላይ ማዘርቦርድ በካርዱ መሰኪያ በኩል ሊሰጥ የሚችለው እስከ 75 ዋት ብቻ በመሆኑ ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይሻል። የልጁ ፓወር ሰፕላይ ያ ገመድ የለውም። አሁን ያለው 750 ቲአይ 60 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ያለ ገመድ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ «ካርድ ልግዛ» ማለት በዚህ ኮምፒውተር ላይ «ካርድና ፓወር ሰፕላይ ልግዛ» ማለት ነበር። ሻጩ ይህን አልነገረውም፤ ልጁም አልጠየቀውም። ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ብቻ ማየት አይበቃም። ፕሮሰሰርና ካርድ የሚጠቀሙት ባለ 12 ቮልቱን መስመር ነው። በመለያው ላይ «12 ቮልት፣ 18 አምፔር» ከተባለ ይህ መስመር የሚሰጠው 12 × 18 = 216 ዋት ብቻ ነው። የአንዳንድ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች መሰኪያና የሳጥን መጠን ከተለመደው ስለሚለይ ይህንንም አስቀድሞ መለካት ያሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ግድ ይላል። ሳጥኑን ከመክፈት በፊት ገመዱን ከሶኬት መንቀል፣ ሥራ ከመጀመር በፊትም ያልተቀባ የሳጥኑን ብረት በመንካት በሰውነት ላይ የተጠራቀመውን ቻርጅ ማስወገድ ይገባል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱ። የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከፍተኛው ነጥብ 220 × √2፣ ማለትም 311 ቮልት ገደማ ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ይህን ቻርጅ ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ ሊይዙት ይችላሉ።

ትርፉን አስቀድሞ ማስላት

በ1967 እ.ኤ.አ. ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ መነሻ አቀረበ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ የአንድን ሥራ አንድ ክፍል ብናፋጥን የጠቅላላው ትርፍ ባልተነካው ክፍል ይወሰናል። በምሳሌ እንየው። አንድ ጨዋታ እስኪከፈት 100 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል፤ 80ው የዲስክ፣ 20ው የፕሮሰሰር ነው። ዲስኩን በ8 እጥፍ በሚፈጥን ብንተካው 10 + 20 = 30 ሴኮንድ ይሆናል። ፕሮሰሰሩን በሁለት እጥፍ በሚፈጥን ብንተካው ግን 80 + 10 = 90 ሴኮንድ ነው። ዲስኩ ምንም ያህል ቢፈጥን፣ የፕሮሰሰሩ 20 ሴኮንድ እስካለ ድረስ ከ20 ሴኮንድ በታች መውረድ አይቻልም።

ማንም ተማሪ ይህን ስሌት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሊሠራው ይችላል። በአንድ በኩል የዕቃውን ዋጋ፣ በሌላ በኩል የሚተርፈውን ጊዜ አድርጎ ማካፈል ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ብር ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ዕቃ ይመረጣል።

እስከ የት እናድስ?

ጥያቄው የሚፈታው ዛሬን ብቻ በማየት አይደለም። የልጁ ማዘርቦርድ የሚቀበለው ሁለተኛውንና፣ ማዘርቦርዱ በሚፈቅድበት ጊዜ፣ ሦስተኛውን የኢንቴል ኮር ትውልድ ነው። ከዚያ የዘመነ ፕሮሰሰር ለማስገባት ማዘርቦርዱ፣ ከቅርብ ጊዜዎቹ ፕሮሰሰሮች ጋር ከሆነም ራሙ አብረው ይለወጣሉ። ያን ጊዜ ማደስ መሆኑ ቀርቶ አዲስ መግዛት ይሆናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ከአዳዲስ ጨዋታዎችም አንዳንዶቹ ኤቪኤክስ2 የተባለውን፣ ኢንቴል በ2013 እ.ኤ.አ. በአራተኛው ትውልድ የጀመረውን የትእዛዝ ስብስብ ይጠይቃሉ። ይህ በሌለበት ፕሮሰሰር ላይ ምንም ዓይነት ካርድ ቢሰካ ጨዋታው አይነሣም።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት «ይህ ዕቃ ነገ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አብሮኝ ይሄዳልን?» ብለን እንጠይቅ። ኤስኤስዲ ይሄዳል። የግራፊክስ ካርድና ጥሩ ፓወር ሰፕላይም በአብዛኛው ይሄዳሉ። ዲዲአር3 ራም ግን ከዚህ ማዘርቦርድ ጋር ይቀራል፤ ስለሆነም በርካሽ፣ ያገለገለውን፣ በልክ መግዛት ይበጃል። የማይሄድ አሮጌ ፕሮሰሰር በውድ መግዛት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ማጠቃለያ

ያየነውን በአጭሩ ለማስታወስ፣ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. ሕመሙን ለይ፤ ሁልጊዜ ዘገምተኛ ነው ወይስ በየመካከሉ ይደናቀፋል?
2. አጽዳ፤ ሙቀቱንና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ሥራ ላይ እያለ ተመልከት።
3. የነጥቦቹን ብዛት ቀንሰህ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን ለይ።
4. መደናቀፍ ካለ በዚያው ቅጽበት ራምና ዲስክን ተመልከት።
5. ካርድ ካሰብክ የፓወር ሰፕላዩን ዋት፣ አምፔርና ገመድ፣ የሳጥኑንም ስፋት ለካ።
6. አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ከዚያም እንደገና ለካ።

የእኅታችን ልጅ በመጨረሻ ካርዱን አልገዛም። አንድ ያገለገለ ባለ 4 ጊጋባይት ራምና አንድ ኤስኤስዲ ገዛ። ሁለቱ ተደምረው ከካርዱ ዋጋ በታች ስለነበሩ የቀረችውን ገንዘብ መልሶ አስቀመጣት። 52 ፍሬም ይበቃው እንደሆነ ስንጠይቀው፣ «አሁን የሚጎድለኝ ካርዱ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር የምገዛበት ጊዜ ይመጣል» አለን። በክረምቱ መጀመሪያም ሆነ በመጨረሻ የሚፈልገው ካርድ ያው ነው። በመጀመሪያው ቀን የያዘው የሰው ወሬ ነበር፤ አሁን ግን በእጁ ያለው የራሱ ልኬት ነው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ያጠራቀምካትን ገንዘብ ይዘህ ወደ ገበያ ከመውጣትህ በፊት አንድ ምሽት ለልኬት ስጥ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የኮምፒውተርህን ጎን ከፍተህ አቧራውን ተመልከት።